ልጓም ያለው ምርቃት

እማማ ስሜነሽ ከቆሰበር ገበያ ድንች ተሸክመው ሲመለሱ መናኸሪያው በር ላይ ማንን ቢያዩ ጥሩ ነው? ጠዋት ትምህርት ቤት ብለው የሸኟትን የልጅ ልጃቸውን፣ ሶስናን! ሻንጣዋን አቅፋ የጥሊሊ ሚኒባስ አጠገብ ቆማለች።

ሴትዮዋ ሲናደዱ የሚቀድማቸው አገውኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ወረወሩና ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«የት ነው ጉዞው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ፣ እማማ። ጥሊሊ አክስቴ ቤት ሆኜ ላጥና ብዬ ነው። ፈተናው ደርሷል። መጽሐፍ በገለጥሁ ቁጥር ከጎረቤታችን ከይሄነው ባር የሚወጣው የሙዚቃ ጩኸት ጣራችንን ያንቀጠቅጠዋል። እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ይዤ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ብነግርዎ ደግሞ አይለቁኝም።»

«ቤቴን ጥለሽ? ለአንድ ቢራ ሻጭ?»

«እንግዲያስ ዛሬ ከሰዓት ቀበሌው ስብሰባ ጠርቷል። የይሄነው ፈቃድ ሊታደስ ነው፤ ጎረቤት ሐሳቡን ይስጥ ተብሏል። ገብተው ይናገሩልኛ!»

እማማ ስሜነሽ ድንቹን መሬት ላይ ዘጭ አደረጉት። ነገሩ የሚያንቀው እዚህ ላይ ነበር። ይሄነው ባሩን ሊከፍት ሲል አንገቱን ደፍቶ በየደጁ ዞሯል። ደጅ ድረስ የመጣን ሰው እምቢ ማለት በአገራችን ነውር ነውና ሰፈሩ በሙሉ «ይሁን፣ ልጄ» አለው። እሳቸው ደግሞ በዕድሜ ትልቋ ስለሆኑ በአዲሱ ቤት መሐል ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «ቤትህ ሰው አይጣ!» ብለው መረቁት። ምርቃቱ ሠመረ። ሠመረ ብቻም አይደል፤ ቤቱ እስኪነጋ ድረስ ሰው አላጣ።

«መርቄዋለሁ እኮ!» አሉ። «በመረቅሁበት አፍ ቀበሌ ፊት ልክሰሰው? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ጎረቤት የሚገሠጸው በቤቱ ነው።»

«ታዲያ ቤቱ ሄደው ገሠጹት?»

«ሄጄ ነበር።»

«እሺ፣ ምን አሉት?»

አሮጊቷ ዐይናቸውን ወደ ድንቹ መለሱ። «ወንበር ሳበልኝ። ለስላሳ ከፈተልኝ። ‹እናቴ መጡልኝ!› ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ታዲያ ጉልበቴን ለሳመ ልጅ ምን ልበለው? ጠጥቼ፣ መርቄው ወጣሁ።»

«ደግመው መረቁት!» ሶስና ሳቋ አመለጣት።

«አትሳቂ! ባለሱቁ ኑርሁሴንም ሊቆጣው ሄዶ ሻይ ጠጥቶ ነው የተመለሰው።»

ይሉኝታ የሚሉት በሽታ እንዲህ ነው፤ በሽተኛው ራሱ ጨዋነት ይለዋል።

ረዳቱ «ጥሊሊ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል።

«ስብሰባ የሚያስፈልገው ለዚህ ነዋ! እዚያ ለስላሳ የሚከፍት የለም» አለች ሶስና። «እማማ፣ ባልዎ አባባ ነጋ ፈረሰኛ ነበሩ አይደል?»

«ፈረሰኛ ብቻ! በጥሩ የፈረስ በዓል እሱ ሲጋልብ ሜዳው ይርድ ነበር።»

«ያለ ልጓም ነበር የሚጋልቡት?»

«ምን ያለሽ ቂል ነሽ! ሰው ሊፈጅ ነው ያለ ልጓም?»

«ታዲያ ልጓም ማጉረስ ፈረሱን መጥላት ነው?»

«ፈረሱንማ ከእኔ አብልጦ ነበር የሚወደው፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ፈቃድም እንዲሁ ነው። ይሄነው ይሥራ፣ ይክበር፤ ግን ድምፁ ከግድግዳው እንዳያልፍ፣ የመዝጊያ ሰዓቱም እንዲታወቅ ልጓም ይደረግለታል። እርስዎ የመረቁት ልጁን ነው። በረንዳው ላይ የሰቀለውን ድምፅ ማጉያ መርቀዋል?»

«እሱን እንኳ፣ መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው፣ አልመረቅሁም!»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

ረዳቱ ሻንጣዋን ሊጭን እጁን ሲሰድ እማማ ስሜነሽ ቀድመው ነጠቁት።

«ወዲያ በል! የእኔ ልጅ የትም አትሄድም። ባጃጅ!»

የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሏል። ሰብሳቢው «ቅሬታ ያለው?» ሲል፣ ጓዳ ለጓዳ ሲያማ የከረመው ሁሉ የጫማውን ጫፍ ያያል። ይሄነው አሮጊቷን ሲያይ ወንበር ይዞ እየሮጠ መጣ።

«መልሰው!» አሉት። «ያን ጊዜ አስቀምጠህ ነው አፌን የያዝኸው። ዛሬ ቆሜ እናገራለሁ። ልጄ ነህ፣ መርቄሃለሁ። ግን ሙዚቃህ የልጅ ልጄን ከቤቴ ሊያስወጣብኝ ነው። ሻንጣዋ ይኸው!»

አዳራሹ ተንጫጫ። ኑርሁሴን ብድግ አለ። «እኔም እንቅልፍ ካጣሁ ከርሜያለሁ። ስኳር ሲሉኝ ጨው የምመዝነው በዚሁ ነው!» ሳቁ ጣራውን ነካ፤ ከዚያ በኋላ ያልተናገረ አልነበረም።

ይሄነው ወንበሩን እንደያዘ ቀረ። «እኔ እኮ ሰፈሩ የወደደው መስሎኝ! አንድ ሰው እንኳ ደፍሮ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? በመጣችሁ ቁጥር መርቃችሁኝ ትሄዳላችሁ!»

እውነቱን ነው። 

ፈቃዱ ታደሰ፤ ግን ከነልጓሙ። ድምፅ ማጉያው ከበረንዳ ይወርዳል፣ ሙዚቃው ከደጅ አይሰማም፣ ባሩ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ይሄነው በደስታ ተቀበለ። እማማ ስሜነሽም እጃቸውን ዘረጉ።

«ቤትህ ሰው አይጣ!» ሕዝቡ ክው አለ። «ጎረቤትህም እንቅልፍ አይጣ!»

«አሜን!» የሚለው ድምፅ ከዚያ ማጉያም በለጠ።

ከዚያ ወዲህ ሶስና እቤቷ ታጠናለች። ጠጪው ኪሱ ሳይራገፍ፣ ጠብ ሳይነሣ በጊዜ ይገባል፤ ሚስቶች ደጅ ከፍተው መጠበቅ ቀረላቸው። ይሄነው ራሱ እንቅልፍ ተኝቶ ፊቱ ወዝ አወጣ፤ ጩኸቱን ሸሽተው የነበሩ ጨዋ ደንበኞችም ተመለሱለት። ምን ጎደለበት? ምንም!

አሁን በሰፈሩ አዲስ ቤት የሚከፍት ሁሉ ምርቃት ፍለጋ እማማ ስሜነሽ ዘንድ ይመጣል። እሳቸውም ያቀረበላቸውን ለስላሳ አይመልሱም፤ እስከ መጨረሻው ይጠጣሉ። እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ግን አፋቸውን ጠርገው፣ «ስንት ሰዓት ትዘጋለህ?» ይላሉ።