ያልታጠበው ቀሚስ

መርየም ስታጥብ ያላየ ሰው ሳሙና ለምን እንደተፈጠረ አያውቅም። ከወሎ ወጥታ ቤይሩት ከገባች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እስከዛሬ ያጠበችው አንሶላ ቢቀጣጠል ከቤይሩቱ ሰፈሯ ከቡርጅ ሐሙድ ተነስቶ ደሴን ሦስት ዙር ይጠመጥማል። እድፍ እሷን ከሩቅ ሲያይ በገዛ ፈቃዱ ይለቃል ይባልላታል።

በ2004 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት ይህችው መርየም በአንድ እጇ ባልዲ፣ በሌላው ጥቁር ፌስታል ይዛ ወደ ጣሪያው ማጠቢያ ስትወጣ ደረጃ ላይ ከቀፀላ ጋር ተገጣጠመች። ቀፀላ አዲስ አበባ ላብራቶሪ ተምራ፣ ለወንጀል ምርመራ የመጣ ማስረጃ ስታሽግ የኖረች ልጅ ናት። አሁን ጀማይዜ ሰፈር የመጠጥ ቤት ወለል ትወለውላለች። ዲፕሎማና መወልወያ በአንድ እጅ የሚያዙባት ከተማ ናት ቤይሩት!

"እንደምን አደሩ እትዬ መርየም? ምን ይዘው ነው?"

"የፈሪሃን ልብስ። ትናንት ከሆስፒታል ሰጡኝ።"

ፈሪሃ የመርየም ያገር ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋ ሃያ ሦስት። ቅዳሜ ከአሰሪዎቿ በረንዳ፣ ከአምስተኛ ፎቅ ወድቃ ሞተች። ማዳሟ "ራሷ ዘለለች" አለች፤ ፖሊሱም እንደተነገረው ጻፈ፤ ኸላስ፣ አለቀ። እናቷ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ተቀምጣ ይህንኑ ሰማች። በዚያ አገር ራሷን ገደለች የተባለች ልጅ፣ ለቅሶዋ እንኳ በሹክሹክታ ነው።

"እና ልብሷን ምን ሊያደርጉት ነው?"

"አጥቤ፣ ተኩሼ ለናቷ ልልክ ነዋ!"

"እባክዎ አይጠቡት።"

"ሱብሃነላህ! ከነደሙ ይሂድላት? እንደሷ እዚህ የሞቱ የአራት ልጆች ልብስ በዚህ እጄ ታጥቦ፣ ሽቶ ተረጭቶ አገሩ ገብቷል። እናቶቹ መርቀውኛል። የኔ ዶክተር፣ መወልወያሽን ያዢና ያላ፣ ወደ ሥራሽ!"

"ይቆጡኝ፣ ግን ይስሙኝ። ማዳምዎ ድመት አላት አይደል? በጥቁር ቀሚስ ሶፋው ላይ ቢቀመጡ ምን ይዘው ይነሳሉ?"

"ፀጉሯን። ያቺ እርጉም በቀን አንድ ፍራሽ የሚሞላ ታራግፋለች።"

"ሰውም እንደዚያው ነው። ማንም ማንንም ነክቶ ባዶውን አይመለስም። የጎተታት ሰው ካለ የልብሱ ክር፣ ላቡ፣ ፀጉሩ እዚህ ቀሚስ ላይ ሊቀር ይችላል። መርማሪ ክሩን በማጉያ መሣሪያ አይቶ ከተጠርጣሪው ልብስ ጋር ያነጻጽራል። ደሙ የሷ ብቻ ነው ወይስ የሌላም አለበት፣ ይለያል። የበረንዳው ብረት ዝገት በሆዷ በኩል ነካት ወይስ በጀርባዋ? ይህ እንዴት እንደወደቀች ይጠቁማል። ብረቱ ላይ የማን አሻራ አለ? አንዱ ብቻውን አይፈርድም፤ ሲደመሩ ግን ይመሰክራሉ።"

"ጥፍሯስ?" አለች መርየም ሳታስበው። "ከልጅነቷ ጀምሮ ሲይዟት የምትቧጭር ነበረች።"

"ከጥፍር ስር የሌላ ሰው ቆዳ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ገላዋም ሳይታጠብ ይታይ። የሃይማኖቱ ግዴታ ይቅር አላልኩም፤ ከመርማሪው በኋላ ይሁን ነው የምለው። ደግሞ ይህ ፌስታል አይሆንም። እንጀራ በፌስታል አስረው ሙቀት ላይ ቢተውት ምን ይሆናል?"

"ይሻግታል።"

"እርጥብ ደምም እንደዚያው ይበላሻል። በጥላ ይድረቅ፣ ከዚያ ወረቀት ውስጥ ይግባ።"

"ለመሆኑ ማን ሊመረምር ነው? ለኛ? ያኒ፣ ለሐበሻ ገረድ?"

"ምናልባት ማንም አይመረምርም" አለች ቀፀላ ቀስ ብላ። "ግን አንድ ቀን የሚጠይቅ ቢመጣ የምናሳየው ይኑረን። የታጠበ ልብስ ዲዳ ነው።"

መርየም ባልዲዋን አስቀምጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

"የፈሪሃን ሻሽ ማታ ክሎር በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌዋለሁ።"

ቀፀላ አጠገቧ ተቀመጠች።

"የሻሿ መርፌ ቁልፍ ላይ ፀጉር ተጠምጥሞ ነበር" አለች መርየም። "ቢጫ ፀጉር። እንደ ቆሻሻ መዝዤ በውሃ ለቀቅኩት።"

"የፈሪሃ ፀጉር..."

"ጥቁር ነው እንጂ! ጥቁር! ምን ነበር እሱ? ንገሪኝ!"

"ስታጸዳ የያዛት ሊሆን ይችላል። በትግል የተነቀለ ከሆነ ግን ሥሩ አብሮት ይኖር ነበር፤ ሥሩ ደግሞ የማን እንደሆነ ይናገር ነበር። አሁን ማወቅ አይቻልም፣ እትዬ።"

መርየም እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። ክሎር የበላቸው፣ የቤይሩትን ቆሻሻ ሁሉ ያሸነፉ እጆች። "አራቱንም አጥቤአቸዋለሁ" አለች። "አራቱንም ልጆች። አንድ ቃል እንኳ አልተውኩላቸውም።"

ቤይሩት ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእጇ የገባ ልብስ ሳይታጠብ ዋለ። ቀሚሱን በንጹሕ ወረቀት ላይ በጥላ አደረቁት፤ ያገለገለ የዱቄት ከረጢት ሳይሆን ማንም ያልነካው አዲስ የወረቀት ከረጢት ገዝተው ከተቱት። ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደተቀበለ፣ ቀኑን ጭምር ጽፈው ፈረሙበት። ስለ ሻሹም አልዋሹም፤ የሆነውን ሁሉ ጻፉ። ስደተኛ ሠራተኞችን የሚረዳ አንድ ጠበቃ ፈርሞ ወሰደውና አስከሬኗ ይመርመር ብሎ አመለከተ። መልሱ ሳይመጣ ፈሪሃ ታጥባ ተቀበረች። መዝገቡ "ይታያል" እንደተባለ ስድስት ዓመት ሞላው፤ ቀሚሱም ጠበቃው ጋ እንደታሸገ ነው።

ታዲያ ምክሩ ምን ጠቀመ? ዛሬ ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ ጓደኛዋ የሞተችባት ሴት ወደ ባልዲ አትሮጥም፤ ወደ መርየም ትሮጣለች። መርየምም "እጅሽን ሰብስቢ! አትጠቢ፣ አትተኩሺ፣ በፌስታል አትቋጥሪ፤ ያየሽውን ጻፊ" ትላለች። ይህን ያወቀች ሴት የጓደኛዋን ምስክር በገዛ እጇ አትገድልም። ሌሎች ምስክርን መግደያ ብዙ መንገድ አላቸው፤ እኛ ግን አናግዛቸውም።

ቀሚሱ ለምን እንዳልተላከላት መርየም የነገረቻት የፈሪሃ እናት በየረመዳኑ ትደውላለች። ዘንድሮም ደወለች።

"ቀሚሱ ታጠበ?"

"አልታጠበም።"

"ደሟ አለ?"

"አለ። ወላሂ አለ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች እናት። "የልጄ ምስክር አልሞተማ።"