ገማቹና የእትዬ ዘሃራ ምንጣፍ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ቤት ለግብር የሚገመተው ከመንገድ ላይ ነበር። ገማቹ ከበቅሎው ሳይወርድ በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግግና «ቆርቆሮ ነው፣ አንደኛ ደረጃ» ብሎ ይሄዳል፣ በቃ። የእኛ ቤት ደግሞ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብላ ያለችው፣ ከላይ ቆርቆሮ ከታች ጭቃ ናት። ባሌ ተሰማ ኮርቻ ሰፊ ነው፤ ቆርቆሮዋን በስንት ልፋት አለበሳት፣ እና በዚችው ቆርቆሮ የተነሳ ከባለጠጎቹ እኩል ግብር ተጣለብን። አቃተን። «ዘንድሮም እንዲህ ካሉን ሸጠን እንወጣለን» ይለኛል፤ እኔ ማልቀስ ነው።

ታዲያ ደንቡ ተለወጠ ተባለ። ከእንግዲህ ገማች ቤት ገብቶ፣ ግድግዳ አይቶ፣ ጎረቤት አስመስክሮ ነው የሚጽፈው ተባለ። ደስ አለን፣ እና እኔ ሞኟ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እንግዳ ሊመጣ ነው አልኩ። እንግዳ ሲመጣ መቼም ከጎረቤት መዋስ የነበረ ነው፣ እና የወሎዬዋን ጎረቤቴን የእትዬ ዘሃራን ምንጣፍ ተዋስኩና የተሰነጠቀውን ግድግዳ ሸፈንኩበት። የመንግሥት ሰው ስንጥቅ ሊያይ ነው እንዴ፣ ነውር አይደለም? ቅነሱልኝ ልል ሰው እየጠበቅኩ ቤቴን እሸልማለሁ፣ ታዩኛላችሁ።

ሰውየው ገባ፣ ተቀመጠ፣ ዙሪያውን አየና፣ «እሜቴ፣ ያማረ ቤት ነው፤ አንደኛ እንደሆነ ይቆያል» ብሎ ጻፈ። ተሰማ በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። እኔ ምንጣፉን ባነሳ አታላይ ልባል ነው፣ ባላነሳ ቤቴ ሄደ።

ታዲያ ምስክር ይጠራ ተባለ፣ ማን መጣች፣ እትዬ ዘሃራ። «እናቴ፣ ይህን ቤት እርስዎ እንዴት ያውቁታል?» አላት። እሷ እኔን አየች፣ ግድግዳውን አየች።

«ጌታዬ፣ ከመመስከሬ በፊት ዕቃዬን ላንሳ» አለችና ምንጣፉን ሳብ አደረገችው። ያን ስንጥቅ ምን ልበላችሁ፤ ጓሮ የታሰረችው በቅሏችን አፍንጫዋን በቀዳዳው አስገብታለች።

ገማቹ በቅሎዋን አየ፣ በቅሎዋ ገማቹን አየች። ከዚያ የጻፈውን ሰረዘና፣ «ሦስተኛ» አለ። «ሦስተኛ ነው፣ እሜቴ። ለወደፊቱ እኛን እንደ ሠርገኛ አይቀበሉን።»

እፎይ ብዬ መደቡ ላይ ዘፍ አልኩ። ተሰማ ምንጣፉን ተሸክሞ እስከ ቤቷ አደረሰላት። እሷ ታዲያ፣ «አንቺ የሺ፣ ለገማች ነው ብትይኝ መች እሰጥሽ ነበር» አለችኝ። እዚያችው ቤት ስድስት ልጅ ወልጄ አሳደግኩ።

— እና ቀዳዳውን ደፈናችሁት፣ እማማ?

— ምን ቆርጦኝ። ገማቾቹ ተመልሰን እናያለን ብለው ነበራ። (ይስቃሉ)