«ታይቷል»

ጋሼ ግራም የመነጽራቸው ብሎን ባይላላ ኖሮ ያን ቀን ወደ መነጽር ቤቱ አይገቡም ነበር። ባይገቡ ደግሞ የእህታቸውን ነገር እስከ መቼ ሳይሰሙ ይቆዩ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ጋሼ ግራም ስማቸው አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የገበያ ሚዛን መርማሪ ሆነው ሲሠሩ ነጋዴዎች ያወጡላቸው ቅጽል ነው። በአንዲት ግራም ጉድለት ሱቅ አሽገዋል ተብሎ ይወራባቸዋል፤ ሲጠየቁም «ሦስት ግራም ነበር፤ ሰው አሳነሰው» ይላሉ። ሥራቸው ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ሳህኑ ባዶውን ሳለ መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን ጎንበስ ብለው ያያሉ። ከዚያ ከቆዳ ቦርሳቸው የራሳቸውን የነሐስ መመዘኛ አውጥተው ይጭናሉ። ባለሱቁ «ትክክል ነው፤ ትናንት አይቼዋለሁ» ካላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «አንተ አይተኸዋል። እኔ ገና ነኝ።»

ጡረታ ሲወጡ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ከቦርሳው ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። ዘመናዊ ስልክ ገዙ። በሦስት ወር ውስጥ የአርባ ሦስት ወዳጅ ዘመድ ቁጥር አሰባሰቡና በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለሁሉም አንዳንድ የአበባ ሥዕል፣ ከሥሩ «መልካም ቀን» የሚል ተጽፎበት፣ ይልኩ ጀመር። ሥዕሉን አንድ ግሩፕ ላይ ያገኙታል፤ ጫን ያደርጉና ያስተላልፉታል። ከዚያ ቁርስ እስኪቀርብ ከየአበባው ሥር «ታይቷል» የሚለው ቃል ብቅ እስኪል ይጠብቃሉ። ከአርባ ሦስቱም ሥር ሲወጣ ልባቸው እንደተስተካከለ ሚዛን ይረጋል። ዘመዶቼን ጠየቅሁ ማለት ነው።

በመነጽር ቤቱ ባንኮኒ አጠገብ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ጋሼ ግራም መጀመሪያ ያወቁት እሷን ሳይሆን የያዘችውን መነጽር ነው። የግራ ጆሮ ማስያዣው በቀጭን የመዳብ ሽቦ ታስሯል። ሽቦውን ያሰሩት ራሳቸው ናቸው፤ ዐሥር ዓመት አልፎታል።

«የእህቴ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

ሴትዮዋ ዞረች። «እንዴት ነዎት ጋሼ?»

«ከምታስተምሪበት አገር መቼ መጣሽ?»

«አራት ወር ሆነኝ። ዝውውር ተሰጠኝና እናቴ ቤት ገባሁ።»

«አራት ወር እዚሁ ሆነሽ አንድ ቀን ብቅ አትይም? አይ የዛሬ ልጆች።»

«እርስዎስ ጋሼ?»

«እኔማ ከእናትሽ ጋር በየቀኑ ነው የምንገናኘው። ዛሬ ጠዋትም ተገናኝተናል።»

መምህርቷ መነጽሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ባለመነጽሩ በመሐል «ታዲያ ጥቁሩን መስታወት ልግጠመው? ለፀሐይ ነው አይደል?» ሲል ጠየቃት።

«ለፀሐይ አይደለም። ማየቱን ትቶ ብርሃን ብቻ ለሚወጋው ዓይን ነው።»

«የማን ዓይን?» አሉ ጋሼ ግራም።

«የእናቴ። ቀኙ ጠፍቷል። በግራውም ፊደል ካየች ከአራት ወር በላይ ሆናት።»

ጋሼ ግራም ስልካቸውን አወጡ። የተናደዱ አይመስሉም፤ ስህተት ያለበት ሰነድ እንደቀረበለት ሠራተኛ ናቸው። «ይኸው ተመልከቺ። ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ። ታይቷል ይላል። እጅ የነሣችበት ምልክትም አለ።»

«እጁን የነካሁት እኔ ነኝ ጋሼ።»

ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከላይ ትልቅ «ሀ»፣ ወደ ታች እያነሰ የሚሄድ ፊደል።

«ደውለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉ ጋሼ ግራም። «ሰው ነኝ እኮ። ወንድሟ ነኝ።»

«ተነግሮዎታል። እሷው ራሷ ነግራዎታለች።»

«መቼ?»

«ወደ ላይ ይግፉት።»

ገፉት። አበባ መጣ፤ ሌላ አበባ፤ ጽጌረዳ፣ ሱፍ፣ ስሙን የማያውቁት ሐምራዊ ነገር። የአንድ ወር አበባ አለፈ፤ የአምስት ወር አለፈ። በስምንተኛው ወር ላይ ከአበቦቹ መሐል አንድ የድምፅ መልእክት ተገኘ። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ከሥሩ የጋሼ ግራም መልስ አለ፦ ወደ ላይ የቆመ አውራ ጣት።

«ያጫውቱት» አለች መምህርቷ።

«እንደምን ሰነበትክ አንተ ልጅ» አለ የእህታቸው ድምፅ። ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ስለ ጣሪያው ጠብታ፣ ስለ ጉልበቷ ጥቂት አወራ። ነገር ስታቀርብ ዙሪያውን መዞር ልማዷ ነው። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ዓይኔን ታየሁ። የዓይን ግፊት ነው፣ ቶሎ ካልተቀደደ ይጠፋል አሉኝ። ማክሰኞ ቀጥረውኛል። ብቻዬን ፈራሁ። ሳቅብኝ ግድ የለም፣ ቢላዋ ነገር ፈራሁ። ልጄ ሩቅ ናት፣ ፈተና ላይ ናት፣ አላስጨንቃትም። አንተ ከመጣህልኝ እሄዳለሁ። ትመጣለህ ወይ? እሺ በለኝና ለብሼ እጠብቅሃለሁ።»

አንድ ደንበኛ መስታወት ፊት ቆሞ መነጽር ይለካል። አንዱን አወለቀ፤ ሌላውን አደረገ።

«አልሰማሁትም» አሉ ጋሼ ግራም። «ረዘመብኝ። ማታ እሰማዋለሁ ብዬ ነበር። ጣቱን የነካሁት ደርሶኛል ለማለት ነው።»

«እሷ ‹እሺ› እንዳሉ ነው የወሰደችው። ማክሰኞ ለብሳ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ እስከ ስምንት ሰዓት መቀመጧን የነገሩኝ ጎረቤቶች ናቸው። በዚያው ቀጠሮው አለፈ።»

«ብትደውልልኝስ?»

«እኔም ጠይቄያታለሁ። አንዴ እሺ ያለን ሰው መነዝነዝ ነውር ነው አለችኝ። ሥራ ይዞት ይሆናል አለች።»

«የምን ሥራ፣ ጡረተኛ አይደለሁ እንዴ?» አሉ።

ሰው ጥፋቱ ፊቱ ሲቆም አንድ የሚጠለልበት ነገር ይፈልጋል፤ ጋሼ ግራምም ስልካቸው ሥር ተጠለሉ። «ይሁን፣ ያንን አጠፋሁ። ስልኩን ግን አትንኪብኝ። ድሮ ደብዳቤ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ዛሬ በዐሥር ደቂቃ አርባ ሦስት ሰው ሰላም እላለሁ። ኢንተርኔት ባይኖር ማን ያስታውሰኝ ነበር?»

«ስልኩን መች ከሰስኩ? እኔም ትምህርት አዘጋጅበታለሁ። የእናቴን ድምፅ እጅዎ ላይ ያደረሰው እሱ ነው፤ ስምንት ወር ሙሉም ይዞልዎ ቆየ። ስልኩ ሥራውን ሠርቷል ጋሼ። እኛ ነን መልእክት ማድረስንና ሰው መጠየቅን አንድ ያደረግናቸው።»

«እኛ? አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ?»

«አራት ወር ዋሸሁዎት። ማታለሉ ቀላል ነበር፤ አንድ ጣት ነው። ‹አይታዋለች በይው፣ እንዳይከፋው› ስትለኝ ነካሁ። አንድ ቀን ደውዬ እናቴ አታይም ማለት እየቻልኩ፣ ነካ አድርጌ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። እንግዲህ ከእርስዎ አልሻልም።»

ይህን ስትናገር ወለሉን ነበር የምታየው። ጋሼ ግራም በመጀመሪያ ሊቆጧት አስበው ነበር፤ ተዉት።

«እኔ ሰዋስው ነው የማስተምረው» አለች ቀጥላ። «ልጆቹ ‹መስኮቱ ተሰብሯል› ብለው ሲጽፉልኝ በቀይ አሰምርበታለሁ። ማን ሰበረው? ልጅ ባለቤቱን የሚደብቀው እሱ ሲሆን ነው። ይኼም ያው ነው። ታይቷል። ማን አየው? ቃሉ አይናገርም። እርስዎም አልጠየቁትም።»

«ስልኩ ታይቷል ካለ እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?»

ባለመነጽሩ ባንኮኒው ላይ እንዳቀረቀረ ሳቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ ግራም። አባቴ ታች ሰፈር እህል ይሸጥ ነበር። እርስዎ በመጡ ቁጥር ሲምል ሲገዘት እሰማው ነበር። ‹ትክክል ነው፣ አይቼዋለሁ› ይልዎታል። ምን ይሉት እንደነበር ያስታውሳሉ?»

ጋሼ ግራም ያስታውሳሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን መርፌ ሳያምኑ ኖረው፣ በስተርጅና አንድ ቃል ብቅ ባለ ቁጥር አመኑ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሳቸው ባለመጠርጠራቸው የተመነጠረችው ግን እህታቸው ናት።

«ባዶውን ሳላይ ነው የመዘንኩት» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ምን ቀርቷታል?»

«በግራው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ትንሽ ታያለች። ሐሙስ ከመጣች የቀረውን እናቆየዋለን፣ የጠፋውን ግን አንመልስም ብለዋል ሐኪሞቹ። እሷ አልሄድም ብላለች። ‹አንዴ ለብሼ ጠበቅሁ፣ ይበቃኛል› አለችኝ።»

ጋሼ ግራም ተነሡ። የላላውን ብሎን ረስተውት መነጽራቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። ስንት ጊዜ በስልክ «መልካም ቀን» ወደላኩበት ቤት በአውቶቡስ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር። ሰዓታቸውን አይተው ለኩት።

እህታቸው ከመስኮቱ ፊቷን አዙራ ተቀምጣለች። እግራቸውን ሰምታ «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

እጇን ዘረጋች። ጎንበስ ሲሉላት ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ ከዚያ የላይ ከንፈራቸውን ነካች፤ ጣቷም እዚያ ላይ ቆመ። «ሪዝህስ?»

«ተላጨሁት፤ ሦስት ወር ሆነ። ፎቶውን እኮ ልኬ…» ብለው አቆሙ። እዚያም ሥር «ታይቷል» ይል ነበር።

ይቅርታ ለመጠየቅ በአውቶቡስ ሲደረድሩት የመጡት ንግግር ነበራቸው። እሷ ቀደመቻቸው። «ዛሬ የላክልኝ አበባ ምን ዓይነት ነው? ልጄን ስጠይቃት ‹አበባ ነው› ብላ ትሄዳለች። እኔ እኮ እንዴት ያለ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ጋሼ ግራም አፋቸውን ከፈቱ። ቀይ ይሁን ቢጫ፣ አንድ ይሁን እቅፍ፣ አላወቁትም። በዚያ ጠዋት ለአርባ ሦስት ሰው ልከውታል።

«አላየሁትም እትዬ።»

ትንሽ አሰበችና ሳቀች፤ የሚያስቅ ነገር ስትሰማ ድሮም እንዲህ በአፍንጫዋ ነው የምትስቀው። «ታዲያ ማን አየው?»

ስልኩን አውጥተው፣ መነጽራቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ ሥዕሉን አሰፍተው ቅጠል በቅጠል ነገሯት። ነጭ ነው፤ መሐሉ ቢጫ፤ አንደኛዋ ቅጠል ጫፏ ታጥፋለች። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ከዚያ «ሐሙስ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሏት። «እሺ እንዳልልሽ እሺዬ ረክሷል። ረቡዕ መጥቼ እዚሁ አድራለሁ።»

ረቡዕ መጡ። ሐሙስ ሄዱ። ሐኪሙ እንዳለው ሆነ፤ የቀረው ቀረ፣ የጠፋውም ጠፍቶ ቀረ። የመስኮቱን ብርሃንና በሩ ላይ የቆመ ሰው ቅርጽ ትለያለች፤ ፊት ግን አትለይም። በዚያ ማክሰኞ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ሐሳብ ጋሼ ግራም ለማንም አይናገሩትም። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር።

በተከታዩ ሳምንት አርባ ሦስቱን ሰዎች በየተራ በድምፅ ደወሉላቸው፤ በመርማሪ ደንብ፣ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች። አንዱ የቀድሞ ባልደረባቸው ስልኩን ከሸጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የገዛው ሰው «ማን እንደሆኑ ባላውቅም በየጠዋቱ ይመጣ ነበርና ደግ ሰው ይመስሉኝ ነበር» አላቸው። አንዲት ዘመዳቸው በደንብ ሳትናገር አለቀሰች፤ ባሏ ከቤት ከወጣ ሰንብቷል። አንድ የሰፈራቸው ሰው ደግሞ ከእሳቸው ሁለት ቤት አለፍ ብሎ እንደሚኖር አስታውሷቸው ሳቀባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አብረው በእግር ይሄዳሉ። የሰው ነገር በድምፅ ሲመጣ ክብደቱ ይታወቃል። ከአርባ ሦስቱ በእውነት የሚጠያየቋቸው ሃያ ስምንት ቀሩ፤ ለሃያ ስምንቱም በሳምንት አንዴ ይደውላሉ። ስልኩን አልጣሉትም። የድምፅ መልእክት ግን ሳይሰሙ ጣት አይነኩም፤ የመጣላቸውን ሥዕልም መጀመሪያ ራሳቸው ያዩታል።

ያችን የአራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ድምፅ አላጠፏትም።

በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደጃቸው ላይ ወጥተው አንድ ነገር በዓይናቸው ይፈልጋሉ፤ በግንቡ ስንጥቅ የበቀለች ሣር፣ ሽቦ ላይ የተሰለፉ ወፎች፣ የጎረቤት ልጅ ትታው የሄደችው አንድ እግር ጫማ። ከዚያ ለእህታቸው ይደውሉና ይነግሯታል። እሷም እንደሳቸው ናት፤ በቀላሉ አትቀበልም።

«ወፎቹ ስንት ናቸው?»

«ሰባት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ጋሼ ግራም ቀና ብለው እንደገና ይቆጥራሉ።

«አይቻለሁ እትዬ» ይሏታል።