ጋሽ ከድር የተቀመጡበት ኮንክሪት

አሰላ ላይ ሆቴል የሚያሠሩት ጋሽ ከድር፣ በመዋኛ ገንዳቸው ዙሪያ ከወለሉ ጋር የተያያዘ የኮንክሪት መቀመጫ እንድነድፍላቸው ቀጠሩኝ። በዚያ ብርድ ማን እንደሚዋኝ አልጠየቅኩም፤ እንጀራዬ ነው። የዝናብ ውሃ እንዳይተኛበት መቀመጫውን ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል አደረግኩት። ኮንክሪቱ ገና ተሞልቶ ሳያልቅ ጋሽ ከድር ደረሱና ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄማ ጠማማ ነው! እንግዳዬ ተንሸራቶ ገንዳ ውስጥ ሊገባልኝ ነው?»

«አያንሸራትትም ጋሼ። ሲደርቅ ይቀመጡበትና ይዩት።»

«ምን እስኪደርቅ እጠብቃለሁ? ከተንሸራተትኩ ዛሬውኑ ትሰናበቻለሽ!» አሉና ከነሙሉ ልብሳቸው ቁጭ!

እውነትም አልተንሸራተቱም። ሰመጡ እንጂ። «ያ ረቢ! አውጡኝ!» ግንበኞቹ ብብታቸውን ይዘው ጎትተው ሲያነሷቸው፣ የቂጣቸው ቅርጽ ኮንክሪቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ቀረ። እኔ ሳቄን ውጬ፣ ሥራዬም አለቀለት እያልኩ፣ ጉድጓዱን ልደፍን ማለስለሻዬን አነሳሁ። ይሄኔ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ መጡ። አዩት። ግድግዳ ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«እንዳትነኪው!» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቦታ አርፈህ ተቀመጥ ስለው ኖሬአለሁ። ይኸው ዛሬ እሱ እንኳ ባይቀመጥ ቂጡ ተቀመጠልኝ!»

ጋሽ ከድር ሱሪያቸውን እንደያዙ ውልቅ አሉ፤ ስለ መሰናበቴም ዳግመኛ ያነሳ የለም። እኔም እንደታዘዝኩት ተውኩት። ብቻ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ እንዳይቋጥር አንዲት ማፍሰሻ ቀዳዳ አበጀሁለት። የት ላይ እንዳደረግኳት አትጠይቁኝ።