የትርንጎ ሁለት ልጆችና የጉሮሮ በሽታ

ትርንጎ ትኩሳት ያንቀጠቀጣትን ልጇን ጽጌሬዳን አዝላ በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ዳር ስታልፍ፣ የጎረቤቷን ልጅ ዳኛውን ከማኪና ሲወርድ አገኘችው። ዳኛው ጎንደር ከተማ የጤና ትምህርት የሚማር ወጣት ነው፤ ለበዓል ወደ ቤተሰቡ መምጣቱ ነበር። ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣ።

«እንደምን ዋሉ እትዬ ትርንጎ? ይህችን ልጅ ወዴት ይወስዷታል?»

«ከአያ ሐብተ ማርያም ዘንድ። እንጥሏ ወርዶ ምራቋን እንኳ መዋጥ አቅቷታል። ዛሬ ቆርጦ ይገላግላታል።»

«ምነው እትዬ! በምላጭ?»

«በምን ሊቆርጠው ኖሯል፣ በማጭድ? ጎንደር ገብተህ ወጉን ረሳኸው?»

ዳኛው ሣቀ። ልጅቱን አውርዶ፣ አፏን አስከፍቶ ካየ በኋላ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«የአያ ሐብተ ማርያም እጅ ሸጋ ነው፤ አላማቸውም። በሽታው ግን ከእንጥሏ አይደለም። ባክቴሪያ የሚሉት፣ በዓይን የማይታይ ተባይ ጉሮሮዋ ገብቷል። በደማችን ውስጥ እንዲህ ያለውን እየያዙ የሚውጡ ዘበኞች አሉ። ይህ ተባይ ግን ገላውን እንደ ጠጉር ያለ ነገር ይሸፍነዋል፤ ፕሮቲን ይባላል። ቅቤ እንደ ተቀባ ሌባ ከእጃቸው ያሟልጫል።»

«ተኝተው ነዋ የሚያድሩ! እንዲህ ያለ ዘበኛ ምን ሊረባ?»

«አይተኙም። ውለው አድረው ያን ጠጉር መሳይ ልብሱን ይለዩታል፤ መያዝም ይጀምራሉ። ክፋቱ፣ ያ ልብስ የልባችንን ሥጋ ይመስላል። ሌባ የጌታውን ኩታ ለብሶ የገባበት ውሻ፣ በኋላ ጌታው ራሱ ያንኑ ኩታ ለብሶ ሲመጣ እንደሚነክሰው፣ ዘበኞቹም ልብንና የአጥንት መገጣጠሚያን ይነክሳሉ።»

ትርንጎ ከንፈሯን መጠጠች እንጂ አላመነችም። እናት ስትፈራ የለመደችውን አጥብቃ ትይዛለች።

«ይሁን ልጄ። የታላቋን የእናኑን እንጥል ግን አያ ሐብተ ማርያም ቆርጦ አድኗታል። ወዲያው በሳምንቷ ስትዘል ነበር።»

«የጉሮሮው ሕመምማ እንጥል ሳይቆረጥም በሳምንት ይለቃል። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲለቃት ክርኗን ያዛት። ኋላ ትንፋሽ እያጠራት ዳገት መውጣት አቃታት። ልቧ ሲመታ በቀሚሷ ላይ ይታይ ነበር። በመኸር ጊዜ...»

ትርንጎ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች።

«ልቧን ነበር?» አለች።

ዳኛው ዓይኑን ሰበረ። «ይመስለኛል እትዬ።»

«እኔ ደግሞ ዳነች ብዬ ለቆራጩ ዶሮ ወሰድሁለት።»

ብልህ በሌላው ይማራል ይባላል፤ ትርንጎ ግን የተማረችው በገዛ ልጇ ነው።

ጽጌሬዳን እቅፍ አድርጋ «ይህችስ?» አለችው።

«ይህችማ ገና ናት። ዘበኞቹ በልቧ ላይ ሳይነሡ የፔኒሲሊን መርፌ ተባዩን ይገድለዋል። ማኪናው ወደ ጎንደር ይመለሳል፤ እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

ትርንጎ ልጇን አንሥታ ተሳፈረች። ጽጌሬዳ መርፌዋን ተወግታ ዳነች፤ ሐኪሙም ልቧን አዳምጦ ጤነኛ ነው አለ። ምላጭ አላቆሰላት፣ ደም አልፈሰሳት፤ ዛሬ ዳገቱን እየሮጠች ትወጣለች።

ትርንጎ ግን የጽጌሬዳን ሩጫ ባየች ቁጥር የሞተችባትን እናኑን ታስባለች። ከዚያ ወዲህ የልጅ ጉሮሮ ታመመ ሲባል ሳትጠራ ትሄዳለች፤ ጎረቤቶቿም ቆራጭ ከመፈለግ ይልቅ ልጃቸውን ወደ ሐኪም መውሰድ ለምደዋል። ለእናቶቹ ሁሉ የምትነግራቸው አንድ ነገር ነው።

«ጉሮሮው ስለተሻለው ብቻ ዳነ አትበሉ። እኔ ዳነች ብዬ ነበር።»