የሮሳልባ ሁለተኛ ቀብር

ወገኖቼ፣ በለቅሶ መሀል የሕይወት ታሪክ ላነብ እየሳቅሁ በመነሳቴ አትፍረዱብኝ፤ የሚያስቀኝን ነገር መጨረሻ ላይ ስለማነብላችሁ እስከዚያው እኔን ዘርፈሽዋልን ታገሱኝ።

የወንድሜ የአቶ ጥበቡ ገብረሃና ባለቤት ወይዘሮ ሮሳልባ፣ በቬኔዝዌላ ምድር ከአራዋክ ወገን ከሆነው ከዋዩ ሕዝብ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ካርሜን በ1962 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸውንም ልጽፍ ስል፣ በእነሱ ዘንድ ልጅ የሚቆጠረው በእናት ጎሣ ነው ብላ ልጃቸው ጽዮን ሰረዘችብኝ፤ ይኸው እስካሁን ግራ እንደገባኝ አለሁ። ትምህርታቸውን በተመለከተ፣ ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ እንደ ወጉ ዓመት ሙሉ ቤት ተዘግቶባቸው ሽመና ተምረዋል፤ ዲፕሎማቸው ያ ነው።

ሮም መጥተው ባዳንቴ፣ ማለት የአረጋውያንና የሕሙማን አስታማሚ ሆኑ፤ በሽተኛ ሲያነሱና ሲያስተኙም የግራ ጉልበታቸው ተጎድቶ ሳይሽር ቀረ። ከወንድሜ ጋር በፔርሜሶ፣ በመኖሪያ ፈቃድ ሰልፍ ተዋውቀው፣ ተጋብተው፣ ጽዮንን ወለዱ። ለዋዩ ሕልም ትልቅ ነገር ነውና፣ በቤታቸው ጠዋት በሰላምታ ፈንታ የሚባለው «ምን ሕልም አያችሁ?» ነበር። አንድ ጊዜ ክፉ ሕልም አይተው፣ እንዳይደርስብን ብለው፣ በጥር ብርድ፣ ጎህ ሲቀድ ሁላችንንም በቀዝቃዛ ውሃ አጠቡን፤ እኔማ ጠበል መስሎኝ በስመአብ ብዬ ገብቼ ሳምንት ሙሉ ሳልኩ።

ሕመማቸው ሲጠና ከወንድሜ ጋር ፕሪማ ፖርታ መቃብር ልናይ ሄደን፣ የመቃብሩ ጸሐፊ መሬት የተቀበረ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ አጥንቱ ይወጣል ቢለን፣ «ሰው ድንች ነው እንዴ!» ብዬ ጮኽኩበት። ወይዘሮ ሮሳልባ ግን ይህን ሲሰሙ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው አጨበጨቡ። አሎራ፣ ጣሊያኖቹ «እንግዲህ» ሲሉ እንደሚሉት፣ ለካ ዋዩ የሚቀበረው ሁለቴ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ከወገኑ አንዲት ሴት አጥንቱን በእጇ ለቅማ ከእናቱ ዘመዶች ጋር ታኖረዋለች፤ ሟቹም ውሎ አድሮ ዝናብ ሆኖ ይመለሳል ይላሉ።

እዚህ ያለችው የወገናቸው ሴት ጽዮን ብቻ ናት። ጽዮን ደግሞ እናቷ «አጥንቴን አንቺ ትለቅሚልኛለሽ» ሲሏት ፈራች፤ እምቢ ካለች እናቷ ባዕድ አፈር ላይ ብቻቸውን እንደሚቀሩ እያወቀች፣ ሦስት ሳምንት መልስ ሳትሰጥ ከረመች። ለንስሐ አባቴ ለአባ ቃለጽድቅ ብነግራቸው «የዮሴፍንስ አጥንት ከግብፅ ተሸክመው ወጥተው የለም ወይ?» አሉኝ፤ ይባስ ግራ ገባኝ።

ወይዘሮ ሮሳልባ ባለፈው ማክሰኞ አርፈው፣ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ይህችን ለፍላፊ ዋርሳቸውን ትተውልናል። አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ ዝናባቸውንም አያስቀርብን።

ያልኳችሁ ነገር ይኸው። ሊያርፉ ሲሉ የጽዮንን እጅ ይዘው የተናገሩት፣ እሷም እያለቀሰች ስቃ «እሺ እማዬ» ያለችበት ቃል ይህ ነው፦ «ስታወጪኝ ቀስ ብለሽ፣ ልጄ፤ ይህች የግራ ጉልበቴ ስትነካ ያመኛል።»