ፊቱ የማይታይበት ፎቶ

— ሄሎ… አቤት፣ ማን ልበል? … ማን? … ፎቶ አንሺው? የትኛው ፎቶ አንሺ?

— ቆይ ቆይ፣ አንተ ነህ? ያ ሰጋቱራ ላይ ተንበርክከህ ባሌን ያነሳኸው? … አዎ፣ ስልኩ የሱ ነው፣ እኔ ይዤው ነው። ሚስቱ ነኝ። … ምሳውን ላደርስ ብመጣ ለብርሃን ብለህ ነጭ ጨርቅ ያስያዝከኝ፣ አዎ፣ እጄ እስኪዝል። … አይ፣ ሜትሩ የለም። ሠፈሩ ሁሉ ሜትሩ ሲለው አንተም ለመድክበት አይደል። አሁን አታገኘውም።

— ሳምንቱን ሙሉ ስፈልግህ ነው የከረምኩት። የሰጠኸን ካርድ ላይ ያለው ቁጥር አይሠራም። … ቀየርከው? ይሁን፣ እግዜር ነው ያመጣህ። አሁን ስማኝ፣ አንድ ነገር… እሺ። እሺ፣ አንተ ቅደም። ምንድነው የምሥራቹ?

— አንደኛ? … የማን ፎቶ? የሱ? … አዎ፣ ስለ ውድድሩ ያን ቀን ነግረኸናል። ሰውን በውሎው፣ በሥራ ቦታው፣ እንዳለ ነው የምናነሳው ብለኸናል። … እንኳን ደስ ያለህ።

— አይ፣ ደስ ብሎኛል። ድምፄ ነው እንዲህ የሆነው። … ወደ ሽልማቱ እንዲመጣ? ከነሥራ ልብሱ? … አንገቱ ላይ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ… ወንድሜ፣ ቆመህ ከሆነ መጀመሪያ ተቀመጥ።

— ባለፈው ሳምንት እጁን መጋዙ በላው። … ቀኝ እጁን። … ሁለት ጣት፣ አውራ ጣቱንና ጠቋሚውን። … ተርፏል፣ እቤት ተኝቷል፣ እናቱ አጠገቡ ናቸው። … ኋላ ታዝናለህ፣ አሁን ጊዜ የለኝም። የት እንዳለሁ ታውቃለህ? የእንጨት ሥራ ድርጅቱ ውስጥ ነኝ። ኮሪደሩ ላይ፣ ከሥራ አስኪያጁ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ውስጥ ተሰብስበዋል። ዛሬ ነው የሚወስኑት።

— ምኑን ትለኛለህ… ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነዋ። የማሽኑ ነው ካሉ ሥራው አለ፣ ሕክምናውን ይችላሉ፣ በአንድ እጁ የሚሠራው ሌላ ቦታ ይፈልጉለታል። የራሱ ነው ካሉ ተባረረ። እጅህን ይዘህ ውጣ ነው የሚሉት፣ የትኛውን እጅ እንደሆነ እንጃ።

— እና ምን ይላሉ መሰለህ? ሜትሩ መከለያውን አውልቆ ነው የሚሠራው ይላሉ። ያን ከመጋዙ በላይ ያለውን፣ ጥርሱን የሚሸፍነውን። … እሱ መከለያ ሊያወልቅ? መከለያ ያወለቀ ሰው ሲያይ እኮ ያበደ ውሻ ያየ ነው የሚመስለው። አደጋው የደረሰ ቀን መከለያው በቦታው ነበር። ተሰንጥቋል፣ ቀይሩልኝ እያለ የከረመው መከለያ ራሱ ተሰብሮ ነው የተፈናጠረው፣ እጁም አብሮ ተሳበ። ከዚያ ደሙን ሲጠርጉ ስብርባሪውንም አብረው ጠረጉ። አሁን መከለያ የሚባል ነገር አልነበረም ይሉኛል። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

— ባልደረቦቹማ አይተዋል። ዝም አይነቅዝም ብለው አፋቸውን ዘጉ እንጂ። … ይኸው፣ ቀለም ቀቢው በፊቴ እያለፈ ነው… ሰላም ነው? … አየህ፣ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። የስንት ዓመት ጎረቤቴ ነው እኮ። ልጆች አሉት፣ አልፈርድበትም።

— እኔማ ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ፣ ሚስት ለባሏ መስክራ የት አገር ነው የሚያዝላት ብለው ሳቁብኝ። ደግሞም ማስረጃ አለን አሉ። ማስረጃው ምን እንደሆነ ገምት እስቲ።

— … አዎ። … አዎ፣ ያንተ ፎቶ ነው።

— ትልቁ፣ በፍሬም አሠርተህ በስጦታ ያመጣህላቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ይሄ የኛ ሠራተኛ ነው እያሉ ሲኮሩበት ነበር። ዛሬ ጠዋት ከግድግዳው አውርደው ይዘውት ገቡ። እዚህ ሆኜ ምስማሩ ይታየኛል፣ ከሥሩ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀርቷል። አሁን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው፣ ይኸው፣ መከለያው የታለ እየተባባሉ ነው። የለማ። ለምን እንደሌለ አንተ ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።

— ሄሎ… ትሰማኛለህ? … ምን፣ ቆይቷል እኮ ነው የምትለኝ?

— አላስታውስም አትበለኝ። እኔ ላስታውስህ። መጀመሪያ ከነመከለያው ደጋግመህ አነሳኸው። ከዚያ ካሜራህን አየህና ፊትህ ጠቆረ። ፊቱን ጋረደብኝ አልክ። ደግሞም አስቀያሚ ነው፣ ፎቶዬን ያበላሽብኛል አልክ። አውልቀው አልከው፣ እምቢ አለ። ማሽኑ ይጥፋ፣ ላንድ አፍታ ናት አልከው፣ አሁንም እምቢ አለ። ከዚያ «እባክህ ጋሼ» አልከው። እሱ ደግሞ ጋሼ ካሉት ሸሚዙንም አውልቆ ይሰጣል። ማሽኑን አጠፋ፣ ብሎኑን ፈታ። አንስተህ ስትጨርስ፣ ገና ዕቃህን ሳትሸክፍ መልሶ ገጠመው። ጨርቁን እንደያዝኩ ቆሜ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው።

— … ታስታውሳለህ። ጎሽ። እንግዲያው እሱኑ ለነሱ ንገራቸው። ያስወለቅኩት እኔ ነኝ በላቸው፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

— … ምን ሕግ? … ይቅርታ እህቴ፣ ቀስ ብዬ ነው የማወራው… ዘመድ ነው፣ ሊጠይቀኝ ደውሎ ነው… ጸሐፊዋ ናት፣ አትስጋ። ድገምልኝ፣ የውድድሩ ሕግ ምን ይላል?

— ምንም ሳይነካ። … ፎቶ አንሺው ምንም ሳያስነሳ፣ ምንም ሳያስወልቅ… እና ፈርመሃል። … እና እዚህ መጥተህ አስወልቄዋለሁ ካልክ ሽልማቱ ይቀራል። … ገባኝ። … ገባኝ አልኩህ እኮ። ስሜ ይጠፋል ነው የምትለኝ።

— ወንድሜ፣ ያንተ ስም ነው የሚጠፋው። የሱ ጣት ጠፍቷል።

— … አልተቆጣሁም። … እሺ፣ ተቆጥቻለሁ፣ ታዲያ ምን ልሁን? ከነሥራ ልብሱ ይምጣልኝ ትለኛለህ፤ የሥራ ልብሱን በመቀስ ቀደው ነው ከላዩ ያወረዱት። ልስደብህ ብል ስድብ አላጣም፣ እናቴ ከስድብ ሌላ ያወረሰችኝ ነገር የለም። ግን ያለኸኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ሰድቤህ የት እሄዳለሁ።

— … ነገ? አስቤበት ነገ ልደውል ትለኛለህ? ነገማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እነሱ ውስጥ ናቸው እያልኩህ… እህቴ፣ ጨረሱ እንዴ? … ሻይ ነው የገባው? እሺ። … ሻይ ገብቶላቸዋል። ሻዩን ሲጨርሱ ይጠሩኛል።

— እሱም ልክ ነህ። ብትመጣም ላያምኑህ ይችላሉ፣ ሚስቲቱ ለምናው ነው ይላሉ። … ቆይ። ቆይ እስቲ፣ ቅድም ምን አልኩ እኔ? መጀመሪያ ከነመከለያው ደጋግመህ አነሳኸው አልኩ። … እነዚያ ፎቶዎች የት አሉ?

— ያልተሳኩ መሆናቸውን አውቃለሁ፣ የት አሉ ነው ያልኩህ። … ፊቱ ባይታይስ? ፊቱ ለምኔ ነው፣ ፊቱ እቤት አለኝ። መከለያው ይታያል ወይ?

— አጥፍቼያቸው ይሆናል ማለት ምን ማለት ነው? … ፈልግ። አሁን ፈልግ፣ ኮምፒውተሩ ፊትህ አይደለም? … እጠብቃለሁ። እኔም አልዘጋም፣ አንተም እንዳትዘጋ።

— … እህቴ፣ ቢጠሩኝ አንድ አፍታ ታገሷት በያቸው፣ እባክሽ። … እንደሚቆጡማ አውቃለሁ። ባል አለሽ? … ወንድምስ? … እንግዲያው ለወንድምሽ ስትይ።

— ሄሎ? … እየፈለግክ ነው? … ጫማ ሰፊውን እለፈው… ዳቦ ጋጋሪዋንም እለፋት… አንተ፣ ያላነሳኸው ሰው አለ ወይ በዚህ ከተማ። … የኔ ጌታ፣ ቶሎ በል።

— አገኘህ? … አለ? … ምን ይታያል፣ ንገረኝ። … ቢጫው፣ አዎ፣ ቢጫው ነው መከለያው። ከመጋዙ በላይ ነው? … እሰይ።

— … ምን ላይ ሽቦ? … ድገመው። ቀስ ብለህ ድገመው። … መከለያው በሽቦ ታስሯል። … አጉላው፣ ማጉላት ትችላለህ አይደል? … ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ በሽቦ ተጠፍሯል።

— … አስቀያሚ ነው ያልከው እሱን ነበር። እኔ እኮ መከለያውን መስሎኝ። ሽቦው ነው ፎቶህን ያበላሸብህ።

— ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? እኔ ጨርቁን ይዤ ከወዲያ በኩል ስለነበርኩ አላየሁትም። እሱ ግን ነግሮኛል፤ ተሰንጥቋል ቀይሩልኝ ብላቸው፣ በሽቦ እሠረውና ሥራ አሉኝ ብሎኛል። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ምን አሉ? እንዲህ ያለ አቤቱታ ሰምተን አናውቅም አሉ። ሽቦውን ማን አሠረው ታዲያ፣ ጎረቤት መጥቶ ነው?

— ላክልኝ። … አሁን፣ በዚሁ ቁጥር።

— … ሽልማቱስ? … አዎ። አዎ፣ ከላክኸው ያው ነው። አንዱ መከለያ አለው፣ አንዱ የለውም፣ ልብሱ አንድ፣ ቀኑ አንድ። ያየ ሁሉ ማን እንዳስወለቀው ይገባዋል። አላታልልህም፣ ሽልማቱ ይቀርብሃል።

— ስማኝ። መጥፎ አልመኝልህም። ከሠርግ ሠርግ እየዞርክ ሙሽራ ስታነሳ ኖረህ፣ አሁን ገና የራሴን ሥራ ሠራሁ ብለኸናል። እሱም ብሎኑን የፈታው አዝኖልህ ነው፣ ልጁ ይውጣለት ብሎ። ፎቶውን ያየ ቀን ደግሞ እንደ ሕፃን ደስ ብሎት ነው የገባው፤ ሰው አስመሰለኝ አለኝ። ትናንት ስለዚህ ጉዳይ ምን እንዳላቸው ልንገርህ? ይሄ ውስጥ የተሰበሰበው ኮሚቴ እቤት ድረስ ሄዶ ጠይቆት ነበር። ይሄ ፎቶ ሲነሳ መከለያውን ማን አወለቀ ቢሉት፣ «ያወለቀው የኔ እጅ ነው፣ ልጁን አትንኩት» አላቸው። ይሄኛው ጣቱ የተቆረጠው እጅ ነው ያወለቀው አላቸው። ይህን ጽፈው አስፈረሙት፣ በግራው። ስምህን አላነሳም። አፏ የማያርፈው እኔ ነኝ።

— … ምን አልክ? … አልሰማሁህም፣ ይቆራረጣል። … ሄሎ… ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … እያለቀስክ ነው እንዴ?

— አቤት? … መጣሁ እህቴ፣ እየተነሳሁ ነው። … ሄሎ፣ ጠሩኝ። ቁርጡን ንገረኝ፣ ትልካለህ ወይስ አትልክም? አትልክም ካልክም ልወቀው፣ ባዶ እጄን መሆኔን አውቄ ልግባ።

— … ልከሃል።

— ቆይ፣ አልገባም… ገባ። ገባ። እየከፈትኩት ነው… ተከፈተ።

— … አዎ። መከለያው ይኸው። ሽቦውም ይኸው፣ እንዴት ያለ ወፍራም ሽቦ ነው። ጥግ ላይ የኔ ጨርቅ ይታያል። …

— … አለሁ። … ምንም አልሆንኩም። … ራስህ ትመጣለህ? … አሁን? … ና እንግዲህ። በሩ ላይ ዘበኛው እምቢ ካለህ የሜትሩ ወንድም ነኝ በለው፣ ያስገባሃል። … ምስጋናውን ኋላ እልሃለሁ፣ አሁን ካልኩ አፌ አይታዘዘኝም።

— … መጣሁ እህቴ፣ ገባሁ በያቸው። … ሄሎ? አለህ? … አይ፣ አልገባሁም ገና፣ እያየሁት ነው። ቀኝ እጁን እንጨቱ ላይ ዘርግቶታል። … አዎ፣ ሲለካ እንዲህ ነው የሚያደርገው። … ጣቶቹ ሁሉ አሉ።

— … በል፣ ልዝጋውና ልግባ።